ሌባው ንስር የጣለው ላባ

የዛምራ የዝናብ መለከት በጠራራ ፀሐይ ተሰረቀ። ኩርማድ የተባለው ግዙፍ ንስር ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ነጥቆት ወደ ሸንተራ ገደል ጫፍ ሲወጣ አንድ ነጭ ላባ ጥሎ ሄደ። ላባውን ትኩር ብሎ ያየ ሁሉ ድል ታየው፤ መለከቱ ሲመለስ፣ ዝናብ ሲወርድ፣ ሕዝቡ እልል ሲል። መኳንንቱ ገና ምንም ሳይሠሩ በደስታ ተቃቀፉ።

«ሌባ መልካም ምኞት ትቶልን ይሄዳል እንዴ?» አሉ የድንጋይ ጠራቢዎች አለቃ አባ ጎርማስ።

መለከቱ ካልተነፋ ዝናብ አይጥልም፤ የዘር ወቅት ሊያልፍ አርባ ቀን ቀርቶታል። ወጣቷ ጠራቢ ዘውራ «መለከቱን ሳልይዝ የዛምራን በር አልረግጥም!» ብላ በንጉሡ ፊት ማለች። ላባውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከአባ ጎርማስ ጋር በገደሉ ላይ ደረጃ መጥረብ ጀመረች።

በዛምራ ጠራቢ በጨረሰው ደረጃ ላይ የራሱን ምልክት ይቀርጻል። የዘውራ ግማሽ ጨረቃ ነው፤ የአባ ጎርማስ ሦስት ጭረት። ሆኖም ከምሳ እረፍት በኋላ ውሃ ሊቀዱ በወረዱ ቁጥር ጥቂት ደረጃዎች ከነምልክታቸው ጠፍተው በቦታቸው ልሙጥ አለት ይጠብቃቸው ነበር። ዘውራ አባ ጎርማስን ጠረጠረች። በእረፍቱ እሷ ላባውን ስታይ እሳቸው ሁልጊዜ ጀርባቸውን ይሰጣሉ፤ የሚደብቁት ነገር ያለ ይመስላል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መዶሻዋን አነሳችባቸው። «ከኩርማድ ጋር የተማማሉት መቼ ነው?»

ሽማግሌው ሳቁ። «ከላባው ጋር የምትውዪው አንቺ፣ የምጠረጠረው እኔ! ነይ ደረጃዎቹን ቁጠሪ። ከዚያ ላባሽን እዪ። ከዚያ ደግመሽ ቁጠሪ።»

አርባ ሦስት ነበር። ላባውን አየች፤ ሕዝቡ ስሟን ይጠራል። ደግማ ስትቆጥር ሠላሳ አራት ሆነ። ከእግሯ በታች ያሉትን ዘጠኝ ደረጃዎች አለቱ ውጧቸዋል።

«ልጣለው?»

«አትጣዪው ልጄ። ወዴት እንደምንሄድ ማወቅም አለብን። ግን ከረጢት ውስጥ ይቀመጥ።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሃያ ደረጃ ጠረቡ። እጃቸው ሲደማም ሃያ፣ ጉልበት ሲተርፋቸውም ሃያ።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ጉም ወረደ። ዘውራ አንድ ሰው ብቻ በሚይዝ ጠባብ ድንጋይ ላይ ቆማለች፤ አባ ጎርማስ ከሦስት ደረጃ በታች ናቸው። ከፊቷ የሚከተሉት የአለት ስንጥቅ ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ወደ ጫፉ፣ ሌላው ወደ ባዶ። ከጉሙ ውስጥ የክንፍ ድምፅ ቀረበ።

«ላባውን እዪ!» አሉ ሽማግሌው ከታች።

«እርስዎ ደረጃው ላይ ነዎት እኮ!»

«መቁጠር የረሳሁ መሰለሽ? እዪ ብዬሻለሁ!» መዶሻቸውን ወደ ላይ ወረወሩላት።

አየች። የሕዝቡን እልልታ አልፋ መንገዱን ብቻ ፈለገች፤ በግራ በኩል ነበር። ከበታቿ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማች። ከዚያ ምንም።

በሁለት መዶሻ አለቱን እየቧጠጠች ጫፉ ላይ ወጣችና መለከቱን አነሳች። ኩርማድ ሲደርስባት መለከቱን ነፋች፤ ንስሩ ድምፁን ሸሽቶ ሲምዘገዘግ ከአለቱ ጋር ተላተመ። ዝናቡም ጣለ።

ስትመለስ በጉሙ ቀን አለቱ የዋጣቸውን ዘጠኝ ደረጃዎች እንደገና ጠረበች። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ጭረት ቀረጸች።

በዛምራ በር ሕዝቡ ልክ በላባው እንዳየችው ቆሞ ነበር፤ ያው ሰንደቅ፣ ያው እልልታ፣ ከመለከቱ ጋር ብቻዋን የምትገባ ያቺው ዘውራ። ያን ሁሉ ቀን ላባውን ስታይ በዚያ ደስታ መሃል ሽማግሌው የት እንዳሉ አንድም ጊዜ አልጠየቀችም።