ከጉልበት በታች

ያን ቃል የተናገረው ሰይፈ ነው፤ ሌላ ማንም አይደለም። ቀኑ የነቢሃ አባት ጋራዡን ያስመረቀበት ቅዳሜ፣ ቦታው ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ሰዓቱ ምሳ ተበልቶ እጅ ሲታጠብ። «ደባልቄን ተዉት፤ እሱ እግር ብቻ ነው። ከጉልበቱ በላይ ባዶ ነው» አለ። ሰው ሳቀ። ማን ከልቡ እንደሳቀ፣ ማን አፉን በመሐረብ እንደሸፈነ የጋራዡ መካኒክ ደባልቄ እስከ ዛሬ ያውቃል። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ የተማረውን ረስቶታል፤ የሰደቡትን ግን አንዱንም አልረሳ።

ከዚያ ወዲህ ነቢሃ አድጋ የአባቷን ጋራዥ ወረሰች፤ ከተማዋም ሌላ ሆነች። ሠራተኛው በሽቦ ላይ በሚንሸራተቱ፣ ሹፌር በሌላቸው ጎጆዎች ከሰፈር ሰፈር ይሄዳል፤ ቀና ብሎ የሚያያቸው እንኳ የለም። አስፋልቱ የቀረው በገዛ እጁ መንዳት ለሚያምረው ሀብታም ነው። ድሮ የሹፌር ጣጣ የነበረው፣ በግራ እግር የሚረገጠው ፍሪሲዮን ዛሬ የጌታ ጌጥ ሆኗል።

ሰይፈም ከጌቶቹ አንዱ ነው። አሻራ ሸራ የሚባለውን የሚያመርተው የእሱ ድርጅት ነው፤ የአንድን ነጂ የእግር አመል ቀድቶ ይዞ፣ ማንም ቢረግጠው በዚያ ሰው አመል ሞተሩን ከጎማው የሚያያይዝና የሚለቅ የፍሪሲዮን ሸራ። የከተማው መኪና ከጥቂቱ በቀር ይህንኑ ነው የገጠመው። ለዚህም ነው ሁሉም ሊነሱ ሲሉ አንዴ አፍንጫቸውን ዝቅ፣ ከዚያ ቀና የሚያደርጉት። ሕዝቡ የዕቃው ጠባይ ነው ብሎ ለምዶታል። ደባልቄ ግን «የተቀዳ እግር አልነካም» ብሎ አሻራ ሸራውን ለሌሎቹ መካኒኮች ትቶ፣ እሱ የድሮውን ዓይነት ብቻ ይገጥማል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰይፈ ቀይ የስፖርት መኪናውን ይዞ ጋራዡ ገባ። አዲስ ያስገባው ሞተር የድሮውን ሸራ ጨርሶ አቃጥሎት፣ ሽታው ከሱ ቀድሞ ደረሰ።

«ነቢሃ፣ የውድድሩን ሸክላ ሸራ ግጠሙልኝ።»

«ሰይፈ፣ አንተ ከተማ ውስጥ እኮ ነው የምትነዳው። የራስህን ዕቃ ለምን አትገጥምም?» አለችው። በድሬ ትልቁም ትንሹም አንተ ነው።

«አቦ፣ የእኔ ዕቃ የተቀዳው ከእኔው እግር ነው። የራሴን እግር ምን ብዬ ልግዛ?» ደባልቄን አሻግሮ አየው። «እሱ ይግጠመው። ለእግር ሥራማ ይሆናል።»

ብሎ ሻይ ሊጠጣ ማዶ ተሻገረ።

ደባልቄ ሸክላውን አንስቶ በእጁ መዘነው። እንዲህ ያለው ሸራ ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፤ መሃል የሚባል አያውቅም። ለውድድር ሜዳ ግሩም ነው። ከዚራ የትራፊክ መብራት ላይ ግን ሰይፈን እንደ ፍየል ያዘልለዋል፤ ሞተሩ እየጠፋበት የአላፊ አግዳሚ መሳቂያ ያደርገዋል። ደባልቄ ይህን ሳቅ ስንት ዘመን ጠብቋል።

«ያዘዘውን ግጠምለት፤ ጥፋቱ የራሱ ነው» አለች ነቢሃ።

ሌላው ተራ ሸራ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ግን ያን ሞተር አይችለውም፤ ሳምንት ሳይሞላው ይቃጠላል። የቀረው አሻራው ነው። ግቢው ውስጥ አንድ እሱን የገጠመ መኪና ቆሟል። ደባልቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ። ሊያጣጥለው ነው የገባው።

ፍሪሲዮኑን ረገጠ። ቀስ ብሎ ሲለቅ ሸራው ቀድሞት አንዴ ነካ አድርጎ ለቀቀ፤ ከዚያ እንደገና ያዘ። መኪናው አፍንጫውን ዝቅ፣ ቀና አደረገ።

ደባልቄ ደግሞ ረገጠ፣ ደግሞ ለቀቀ። የገዛ ጫማውን ያጠለቀ ያህል ነበር።

ያ ነካ ማድረግ የእሱ ነው። በወጣትነቱ በአጎቱ አሮጌ የጭነት መኪና ሠርገኛ ጭኖ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ፍሪሲዮኑ ከዳው። መኪናው ሠርገኛውን እንደያዘ ወደ ገደሉ ተንሸራተተ፤ ያስቆመው የመንገድ ዳር ቋጥኝ ነው። ከዚያ በኋላ አንዴ ነካ አድርጎ መያዙን ሳያይ ተነስቶ አያውቅም። እግሩ ፈርቶ የለመደው ነው። ሰይፈ ደግሞ ድርጅቱን ሲጀምር «ዘይት እንፈትን» ብሎ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሽቦ አስሮ ሳምንታት ደንገጎን አስወጥቶታል፤ አስወርዶታል። ለካስ የተፈተነው ዘይት አልነበረም። የተቀዳው እግሩ ነው፤ ፍርሃቱም አብሮ ተቀድቷል።

«ነቢሃ» አለ በመስኮቱ። «ይሄ እግር የእኔ ነው።»

አየችው። አልሳቀችም። «ታዲያ ለሱ ልትሰጠው ነው?»

ሸክላውን ዳግመኛ አየው። ሰይፈ ከከተማው ወጥቶ ደንገጎ ላይ ቢቆም፣ ሞተሩ ቢጠፋበት፣ ወደ ኋላ ቢንሸራተት አሰበ።

«የሚሄደው መንገድ ላይ ነው» አለ። «ከኋላው ሰው አለ።»

አሻራውን ገጠመው። በዚያ ቀን እንደሠራው አጥርቶ የሠራው ሥራ የለም።

ሰይፈ ሲመለስ ነቢሃ ደፍራ «ሸክላው ለመንገድ አይሆንም፤ አንዴ ሞክረው» አለችው። ፊቱን አጥቁሮ መኪናው ውስጥ ገባ፤ ግቢውን ዞሮ ሲመለስ ግን ፊቱ በርቶ ነበር።

«አየሽ? የራሴ እግር አይደል! ያ ዝቅ ማለቱ እንኳ ሳይንስ አለው፤ ሸራውን ያሞቀዋል።» በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ደባልቄ፣ ማን መረጠው? አንተ ነህ? ለእኔ እንደሚስማማኝ በምን አወቅህ?»

ነቢሃ ደባልቄን አየችው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ደባልቄ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጨርቁን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና በበሩ ወጣ። ከዚራ መብራት ላይ ውድ ውድ መኪኖች ተሰልፈዋል፤ አረንጓዴ ሲበራ ከፊት እስከ ኋላ አንድ በአንድ ዝቅ፣ ቀና አሉ፤ ከኋላቸው ላለው ሰው የሚፈራ አንድ ሰው በሁሉም ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሰይፈ ከኋላው ሁለተኛ ጠራው። ደባልቄ ደረቱን ነፍቶ በመኪኖቹ አጠገብ አለፈ፤ ዘወር አላለም።