የደምሴ ማጅራት

በጥቅምት ወር በ፲፰፻፷ ዓመተ ምሕረት ደብረ ታቦር ለስንብት የተቃረበች ከተማ ነበረች፤ ሠራዊቱ ድንኳኑን ይጠቀልላል፤ ጋፋት ላይ የተሠራው ታላቅ መድፍ በሠረገላ ተጭኖ ወደ መቅደላ ሊጎተት ነው፤ ጠፍሩን የሚስበውም ሰው ከየአጥቢያው እየተለቀመ ይመጣል። ወጌሻ ይርጋ አርባ ዓመት ሙሉ አጥንት ሲጠግን ኖሯል፤ እንደዚያ ዓርብ ጠዋት ግን ግራ ተጋብቶ አያውቅም።

ደምሴ የተባለ የአንበሳሜ ገበሬ በዋዜማው ሠረገላውን ሲስብ ጠፍሩ ተበጥሶ በማጅራቱ ወድቋል። አንገቱ አላበጠም፣ አልተጣመመም፤ ሰውየው ግን ቀና ማለት ተስኖት ተቀምጧል። የጎታቾቹ አዛዥ ሻምበል ሀብተማርያም ነገሩን ተንኮል ነው ብሎ ጠርጥሯል፤ የታመመ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ አስመሳይ ግን ተገርፎ ወደ ጠፍሩ ይመለሳል። ያንን የሚለየው የወጌሻው ቃል ነበር።

«አያ ይርጋ፣ እጄ የኔ አልመስለኝ አለ፤ ጣቶቼ ደንዝዘዋል» አለ ደምሴ።

ሚስቱ ፈንታነሽ ከወጌሻው እግር ሥር ተደፋች፤ «ተሰብሯል ይበሉልኝ አያ፤ ስለ ልጆቼ!»

ይርጋ ዐይኑን ጨፈነ። በልጅነቱ አባቱ የበግ አጥንት ስልቻ ውስጥ ከትቶ አፉን ያስርና፣ በቆዳው ላይ እየዳሰሰ የትኛው አጥንት እንደሆነ እንዲናገር ያዝዘው ነበር፤ ከሳተ ኩርኩም ነው። ስለዚህ ለይርጋ የሰው ገላም ያው ስልቻ ነው፤ የሚያየው በጣቱ ነው። ክንዱን፣ ቁርጭምጭሚቱን ስንቱን አቅንቷል፤ አንገት ግን አባቱም የሚሸሸው ነገር ነበር።

ማጅራቱን ቅቤ ቀብቶ ከራስ ቅሉ ሥር ወደ ታች ዳሰሰ። ትከሻው መሐል ሲደርስ አንድ ጉብታ ጣቱን ገፋው፤ የበግ አንገት እንዲህ ያለ ጉብታ የለውም። እፎይ አለ።

«ጌታዬ፣ ይኸው፤ አጥንቱ ከቦታው ወጥቷል። ይህ ሰው ጠፍር አይስብም።»

ሻምበሉ ቀርቦ ጉብታውን ዳሰሰ፤ ቀጥሎ እጁን ወደ ገዛ ማጅራቱ ሰደደ፤ ከዚያ የጋሻ ጃግሬውን ማጅራት ነካ፤ በመጨረሻም የይርጋን።

«እንግዲያስ አያ ይርጋ፣ ሁላችንም ተሰብረናላ!»

ወታደሮቹ በሳቅ ፈነዱ። ይርጋ ማጅራቱን ያዘ፤ ጉብታው አለ። አርባ ዓመት የሰው አጥንት ሲዳስስ የገዛ ማጅራቱን አንድ ቀን እንኳ አልነካም። ታዲያ ደምሴ ደህና ነው? ደህና ከሆነስ ጣቶቹ ለምን ደነዘዙ? ዳግም ሊመረምረው እጁን ዘረጋ፤ ሳቁ ገና አልበረደም ነበርና አፍሮ መለሰው።

«ቁርጡን ይንገሩኝ፤ ተሰብሯል ወይስ አልተሰበረም?»

«እኔ እንጃ ጌታዬ። ሥጋው ውስጥ ገብቼ አላየሁ።»

«ካላዩማ የለም» አለ ሻምበሉ፤ ደምሴን ግን ለይርጋ ሽበት ሲል ከጅራፉ ማረው።

ደምሴ ጠፍሩን በትከሻው አደረገ። የመጀመሪያው ዳገት እኩሌታ ላይ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ተደፋ፤ አልጮኸም። ከዚያ ወዲያ ከአንገቱ በታች አልተንቀሳቀሰም፤ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ።

ይርጋ ገናዦቹን ለምኖ አንገቱን ዳሰሰ። ከጉብታው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣ እሱ ወደ ታች ሲቸኩል ያለፈው ቦታ ላይ፣ ጣቱ ወደ ውስጥ ገባ።

«ተሰብሯል ብለው ነበር እኮ» አለችው ፈንታነሽ፤ «እውነቱን ይዘው ለምን ለቀቁት?»

ይርጋ እውነቱን ሲናገር ምክንያቱ ስሕተት ነበር፤ ስሕተቱን አምኖ ሲቀበል ደግሞ እውነቱ አብሮ ሄደ። ይህን ለሐዘንተኛ እንዴት ብሎ ያስረዳ?

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች መድፉ ስንት ወር በመንገድ እንደቆየና ስንት ገደል እንደተናደለት አልዘነጉም፤ የሳበውንም ሕዝብ በብዛቱ አንሥተውታል። ደምሴ ከዚያ ብዛት ውስጥ ይቆጠር አይቆጠር አይታወቅም፤ የሳበው ግማሽ ዳገት ብቻ ነው።