ዳው ሲጠብቅ

በእኛ በቡራዩ ጎረቤት የሚጣላው በአጥርና በቦይ ነው። የአቶ ዳኜ ልጅ መቅዲ ግን ከበያጁ ከጂሬኛ ጋር የተጣላችው በሁለት ፊደል ነው።

መቅዲ ጓሯቸው ባለችው ሰርቪስ ክፍል ፈሳሽ ሳሙና ትሠራለች። አባቷ ክፍሏን ለሲሚንቶ ነጋዴ ሊያከራዩ አስበው «እስከ ፍልሰታ ገበያ ካላገኘሽ ትለቂያለሽ» ብለዋታል። ሳሙናዋን በቪዲዮ የምታስተዋውቅበትን አዲስ አፕ ያመጣላት ወንድሟ ወንዲ ነው። ፌስቡክን ለነእትዬ ተዪላቸው አላት፤ እትዬ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ ሰምቻለሁ።

አፑ ስም ጠየቃት፣ ፎቶ ጠየቃት፣ ኮድ ልኬልሻለሁ ብሎ ኔትወርኩ ጠፋና ግማሽ ቀን አስጠበቃት። ሲከፈት ደግሞ ባዶ ቤት። የሚከተላት ወንዲና እኔ ብቻ። በእኛ ጊዜ ወንድ ሲከተላት ለወንድሟ የምትከስ ልጅ፣ ዛሬ ወንድሟ ካሜራ ይዞላት «እባካችሁ ተከተሉኝ» ትላለች።

ጂሬኛ ተከተላት። ብየዳ ቤቱ አምቦ መንገድ ዳር ነው፤ ቅርብ ስለሆነ አፑ ገጿን አሳየው። በማግስቱ እጁ ግሪስ በግሪስ ሆኖ ደጃቸው ቆመ።

«በሩን እንዳትነካው፤ ገና ቀለሙ አልደረቀም።»

«በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ለዚህ ነዋ አልገጥም ያለው።»

እንዲህ እየተባባሉ ቧንቧው ሥር ሳሙና አፈሰሰችለት። ጥቁሩ ለቀቀ። እሱ ግን የሚያየው እጁን አልነበረም። እሷም ይህን አውቃ፣ ሳሙናውን ሳይሆን ውሃውን ታይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መመላለስ ሆነ። ሆቴል የማይጨርሰውን ሳሙና አንድ በያጅ እየጨረሰ መጣ። ሁልጊዜ ይነታረካሉ፤ ሳሙናው አልቆም ንትርኩ አያልቅም። እኔም በአጥሩ በኩል የማሰጣው ልብስ በዛብኝ።

አንድ ቀን ወንዲ ራሱ ካሜራ ፊት ቆሞ በርሜሉን ሲያማስል የተቀረጸ ቪዲዮ መቅዲ ለቀቀች። ጂሬኛ ከሥሩ ጻፈ፦ «እዚህ ውስጥ ሶዳ አየሁ።» የሚስቅ ፊትም ጨመረበት።

ለሳሙና ሠሪ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ሶዳው የበዛ ሳሙና እጅ ይልጣል። ከመምሸቱ በፊት ከሰበታ አንዷ «እኔንም ልጦኛል» አለች፤ ከሱሉልታ አንዱ የሚስቴ እጅ ነው ብሎ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቁስል ለጠፈ። መቅዲ ሰበታም ሱሉልታም ጠርሙስ ልካ አታውቅም። ዋነኛ ደንበኛዋ የሴቶች ፀጉር ቤት ጀሪካኑን ሳይከፍት መለሰ።

መቅዲ ለጂሬኛ «አንተ ዝገት» ብላ ጻፈችና ብሎክ አደረገችው።

ሰውየው ሊለምናት ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ አኮረፈ። በወንዲ በኩል «እኛም ክብር አለን በላት» ብሎ ላከባት። የምን ክብር እንደሆነ አልገባትም፤ ብቻ የባሰ ነደደች። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲገናኙ አንዱ ወደ አምቦ ሌላዋ ወደ አዲስ አበባ ያያሉ።

አቶ ዳኜ ለሲሚንቶ ነጋዴው ክፍሉን ሊያሳዩ በቀጠሩ ዕለት መቅዲ ጀሪካኗን አንጠልጥላ መጣች። «እትዬ ወርቅውሃ፣ ምስክር ይሁኑኝ» ብላ ይዛኝ ወጣች።

ብየዳ ቤቱ በር ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ፣ ሳሙናውን እስከ ክርኗ አፈሰሰችው።

«ስልክህን አውጣ። እጄ ሲላጥ ቅረጽና ለሰው አሳይ።»

ጂሬኛ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «ስለ ሳሙናሽ መቼ ተናገርኩ?»

«ሶዳ አላልክም?»

«ብያለሁ። ካልፈለግሽኝ አልፈልግህም ማለት ይበቃ ነበር። ዝገት ምን የሚሉት መልስ ነው? በያጅ አያገባም?»

«ማን ስለ ማግባት አወራ?»

«እኔ። ወንድምሽን ቪዲዮው ላይ ሳየው ሶዳ አልኩት።»

«ወንድሜ ኬሚካል ነው?»

«ሶዳ አይደለም፣ ሶዳ። ዳው ይጠብቃል። በኦሮምኛ አማች ማለት ነው።» ድምፁ ወረደ። «ላልቶ ከተነበበ ደግሞ ፍርሃት ነው። እሱም ነበረብኝ።»

እኔ ገፈርሳ ተወልጄ በሁለቱም ቋንቋ ያደግኩት እንኳ አላስተዋልኩም፤ ፊደሉ የአማርኛ ሲሆን አንጎሌም አብሮ አማርኛ ሆነ።

መቅዲ ሳሙናው ከክርኗ እየተንጠባጠበ ቆመች። «ለምን በኦሮምኛው ፊደል፣ በቁቤ አልጻፍከውም?» አለችው።

«ገጹ ያንቺ ነው። በለመድሽው ፊደል እንድታነቢው ብዬ።»

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። እውነቱ ቢነገር የሳሙናው ስም ይጸዳል፤ እሷ ግን ሽማግሌ ሳይላክባት በአደባባይ ታጨች ማለት ነው። አቶ ዳኜን ስለማውቃቸው ተይ ልጄ አልኳት። ጂሬኛም ገብቶት፣ ሳሙናው መስሎኝ ነው እንጂ እጄን ያቃጠለኝ ብየዳው ነበር ብዬ ልጻፍ አለ።

«ሳሙናዬ በውሸት አይጸዳም» አለች መቅዲ፣ ስልኳን እኔ እጅ ላይ እያስቀመጠች። «ያልከውን ድገመው።»

እጁን በሳሙናዋ እየታጠበ፣ ዳውን እያጠበቀ ተናገረ። እኔ ቀረጽኩ፤ አውራ ጣቴ ግማሹን ጋርዶታል አሉ።

ፀጉር ቤቱ ቪዲዮውን አይቶ ጀሪካኑን ሊወስድ በዚያው ቀን ተመለሰ። አቶ ዳኜ ግን ነጋዴውንም ሳያናግሩ፣ ልጃቸውንም ሳያናግሩ ሰነበቱ።

እሁድ የጂሬኛ አጎት ኦቦ ኦዳ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። አቶ ዳኜ ተቀመጡ አላሏቸውም። እንደ ቆሙ ጨርሰው እስኪናገሩ ሰሟቸውና፦

«ልጄን የጠየቃችሁት በስልክ ነው» አሉ። «መልሱንም በስልክ ጠብቁ።»

ኦቦ ኦዳ ከዘራቸውን አነሡ። «ስልኩ ቀደመን እንጂ እኛስ በእግራችን ነው የመጣነው» ብለው ወጡ። ጂሬኛ እደጅ፣ አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። አጎቱ ሲያልፉ ቀና ብሎ አላያቸውም።

አቶ ዳኜ ወደ ሰርቪሷ ክፍል አዩ። በመስኮቷ የተደረደሩት ጠርሙሶች ይታያሉ።

«ስልክሽን አምጪ» አሏት።

መቅዲ ልትሰጣቸው ዘረጋች።

«እኔማ መች እችልበታለሁ። አንቺ ጻፊ።»

«ምን ብዬ፣ አባዬ?»

«ያንቺን መልስ። ብቻ ሁለት ንባብ እንዳይኖረው።»

መጀመሪያ ብሎኩን መፍታት ነበረባት፤ ሦስት ቦታ ተሳሳተች። ከዚያ «እሺ» ብላ ጻፈች። ልትልከው ስትል ቆም አለችና፣ በማታውቀው ቁቤ እየለቀመች ከሥሩ ያንኑ እሺ በኦሮምኛ «ቶሌ» ብላ ጨመረች።

«እትዬ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ሌው ይጠብቃል ይላላል?»

«ይላላል» አልኳት።

ከአጥሩ ማዶ ስልክ ጮኸ።