ጨዋታው ያረፈበት እሁድ

የሻረግ ከቅዳሴ እንደወጣች ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ቪላ ፓምፊሊ መናፈሻ የሚወስደውን አውቶቡስ ያዘች። ሰው ፈገግታዋን እንዳያይባት በመንገዱ ሁሉ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ ተቀመጠች። ያን ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች ቤቷ ይመጣሉ።

ቤቷ ማለት የሐሙስና የእሁድ ቤቷ ነው። እንደ ብዙዎቹ የሮም ሐበሻ ሴቶች ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ግን የራሷ ናቸው። ለእነሱ ስትል ነው ከአክስቷ ልጅ ከአበራሽ ጋር ኤስኲሊኖ ሰፈር አንዲት ክፍል የተከራየችው። አበራሽን ከአገር ያስመጣቻት፣ ሥራ ያስገባቻት፣ እናትም ታላቅ እህትም ሆና የያዘቻት እሷ ናት።

ባለፈው ሐሙስ አቶ ረዳ፣ በሮም ሐበሾች ዘንድ የተከበሩት አዛውንት፣ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር በሯን አንኳኩ። ወንበር ብትስብላቸውም አልተቀመጡም።

«አሰግድ ልኮን ነው። ጉዳይ አለን፤ ለእሁድ አሥር ሰዓት ቀጠሮ ስጪን» አሏት።

«ይሁን አባቴ፤ በደህና ያምጣችሁ» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን ጉዳዩን አይዘረዝርም፤ ቀጠሮ የተጠየቀም «ስለ ምን?» አይልም። ወጉ እንዲህ ነው። አሰግድ ደግሞ በማርያም ዕለት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ እጇን ይዞ «ሽማግሌ የምልክበት ቀን ቀርቧል፣ የሻዬ» ብሏት ነበር። ታዲያ ምን የሚጠየቅ ነገር አለ?

አሰግድ ህንድ አገር እርሻ የተማረ ሰው ነው። ደርግ «ተመለስ» ሲለው፣ የተመለሱት ጓደኞቹ የገቡበትን ያውቅ ነበርና ሮም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ፔርሜሶውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ እየለመነ እያሳደሰ፣ ያገኘውን እየሠራ ይኖራል። ከህንድ ይዞት የወጣው የክሪኬት፣ የዚያ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ፣ ፍቅር ግን አልለቀቀውም። ከየሻረግ ጋር የተገናኙትም በዚሁ ነው። አሠሪዋ ሲኞር ናይር በዓለም የእርሻ ድርጅት የሚሠሩ ህንዳዊ ናቸው። እሁድ እሁድ ከወዳጆቻቸው ጋር መናፈሻው ውስጥ ሲጫወቱ፣ አንድ ቀን ኳሷ ተንከባላ የየሻረግ የምግብ ቅርጫት ውስጥ ገባች። ሊያወጣት ያጎነበሰው ወጣት ቀና ብሎ አያት።

«ሐበሻ ነሽ እንዴ?»

«እኔስ ነኝ። ኳሷ ግን ህንዳዊት ሳትሆን አትቀርም፤ ሳምቡሳው ሸቷት ነው የመጣችው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም ጨዋታውን ወደደችው፤ ወይም ወደደችው መሰላት። ፍቅራቸውን ግን ከአሠሪዋ ቤት ሰው ደበቁ።

ያን እሁድ የሚጫወት አልነበረም። ህንድና እንግሊዝ ለንደን ላይ ቴስት የሚባለውን፣ አምስት ቀን የሚፈጀውን ግጥሚያ ይዘዋል። ሐሙስ ተጀምሮ እሁድ ያርፋል፤ ሰኞ ይቀጥላል። ግጥሚያውን የሚያወራው ሬዲዮ ዝም ያለ ቀን ደግሞ ሰዎቹ የወሬውን ተራ ይወስዳሉ። ከጥድ ዛፍ ሥር ጨርቅ አንጥፈው ተፋጠዋል።

ክርክሩ ቀላል ነው። ህንዶቹ ብዙ ነጥብ ሰብስበዋል፤ አንድ መቺያቸው ሳይወጣ ቆሞ፣ ለብቻው መቶ ነጥብ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። አምበሉ ነገ ጠዋት «በቃን» ብሎ ተራውን ለእንግሊዞች ከለቀቀ ለማሸነፍ ጊዜ ያገኛል። ሰውየው መቶውን ይሙላ ካለ ግን ጊዜው አልቆ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ሊያልፍ ይችላል።

«እኔ አምበል ብሆን ነገ አንድ ኳስ አላስመታውም!» አለ አሰግድ።

«እግዜር አውቆ ነው አምበል ያላደረገህ» አሉ ሲኞር ናይር። «መቶ እኮ ነው! ለልጅ ልጁ የሚያወራው!»

«ለልጅ ልጁ ወሬ ተብሎ ድል ይጣል? ሜዳው ደርቆ እየተሰነጠቀ ነው፤ አሁን ነው ኳስ የምትጠመዘዘው። ማክሰኞ ቢዘንብስ?»

«ለንደን መቼ የማይዘንብበት ቀን አለና!»

ሳቁ። የሻረግ ሳምቡሳ እያደለች ነበር። «ሰውየው ግን» አለች፣ «ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆመላቸው እኮ ነው። ሊደርስ ሲል በቃህ ውጣ ይባላል?»

«ጨዋታ ነው። ቢከፋውም ይገባዋል» አለ አሰግድ። ዓይኗን ሳያይ ነበር የመለሰላት።

ሲኞር ናይር ትከሻውን መታ አደረጉት። «ተይው የሻረግ፣ እሱን ምን ቸገረው? በቅርቡ ሙሽራይቱን ተከትሎ ካናዳ ይገባል። እዚያ የሚጫወቱት በረዶ ላይ ነው አሉ!»

ሁሉም ሳቁ። አሰግድ አልሳቀም።

የየሻረግ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ። እሷ ካናዳ የሚያደርሳት ነገር የላትም። ካናዳ የምትሄደው አበራሽ ናት፤ የዚያ አገር አንድ ቤተ ክርስቲያን ዋስ ሆኗት ጉዳይዋ ያለቀው በቅርቡ ነው። ያን ጊዜ የአቶ ረዳ አመጣጥ ተገለጠላት። ወላጅ በሌለበት አገር ልጅ የምትጠየቀው ከታላቋ ነው። ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ዕለት የመጡት ወደ ሙሽራይቱ ሳይሆን ወደ አሳዳጊዋ ነበር።

ሳህኑን አስቀምጣ ተነሣች። አሰግድ ከጥዶቹ ወዲያ ደረሰባት።

«የሻዬ፣ አንድ ጊዜ ስሚኝ።»

«ዛሬ የሚጠየቀው ማን ነው?»

አሰግድ ወደ ጥዶቹ ዞር ብሎ አየ።

«ፔርሜሶዬን ከእንግዲህ አናድስም ብለውኛል። አገር ቤት ቢመልሱኝ የሚጠብቀኝን ታውቂያለሽ። ከአበራሽ ሌላ በር የለኝም።»

«ይህን ለእኔ መንገር አቃተህ?»

«በየት በኩል ልጀምር?»

«አሎራ፣ እንግዲያው ለሽማግሌ ተውከው! ቤቴን አሰማምሬ፣ ሹሩባ ተሠርቼ፣ እፊታቸው ቁጭ ብዬ ልስማው?»

«ወድጄሽ ነበር እኮ። እሱ ውሸት አልነበረም።»

«እሱ ነው የባሰው» አለች። ከዚያ ጠየቀችው፤ «አበራሽ የኔንና ያንተን ነገር ታውቃለች?»

«አታውቅም። በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ፣ አትንገሪያት።»

ወደ ቤቷ በሚወስዳት ትራም ላይ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። ብትናገር ሠርጉ ይፈርሳል፤ እሱም ደርግ እጅ ይወድቅ ይሆናል። ዝም ብትል ያሳደገቻት ልጅ ውሸታም ታገባለች። ተርሚኒ ጣቢያ ስትወርድ ቆርጣለች፤ ትነግራታለች።

አበራሽ ጠባቧን ክፍል አስተካክላ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የሻረግ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ ድምጿን ሳታነሣ፣ ከኳሷ እስከ ማርያም ደጅ ያለውን ሁሉ ነገረቻት። አበራሽ የቀሚሷን ጫፍ ስትጠመዝዝ ቆየች።

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። የዚያን ጊዜ ከማርያም ስትመለሺ ፊትሽ ነግሮኛል። እሱ ሲለምነኝ ግን... እኔም ወደድኩት። ከዛሬ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ነበር።»

የሻረግ ከአልጋው ተነሣች። ከእሱ የመጣውን እስከ ቤቷ ድረስ ተሸክማው መጥታለች። ይኼኛው ግን ከበዳት። በሩ ተንኳኳ።

አቶ ረዳና ጓደኛቸው ገብተው ተቀመጡ። የእግዜር ሰላምታው ሲያልቅ አቶ ረዳ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ልጃችንን አሰግድን ልጅ አድርጊው፤ ልጅሽን አበራሽን ለትዳር ስጪን።»

«አገር ቤት ቢሆን ደጋግሜ ባመላለስኳችሁ ነበር» አለች የሻረግ። «ዘመኑ ግን የስደት ነው። በእኔ እንቢታ ሰው እሳት ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም። ሰጥቻለሁ።»

«እግዚአብሔር ያክብርሽ! በይ እንግዲህ፣ የቤቱ ታላቅ አንቺ ነሽና መርቂልን።»

አበራሽ መጥታ ተንበረከከች። ሽማግሌዎቹ «አሜን» ሊሉ መዳፋቸውን ዘረጉ። የሻረግ እጇን አጣምራ ተነሣች።

«ልጅቷን ሰጥቻችኋለሁ፣ አባቴ። ምርቃት ግን ዛሬ ከልቤ ፈልጌ አጣሁ። የሌለኝን አለኝ ብዬ እግዚአብሔርን አልዋሸውም። እርስዎ ይመርቁላቸው።»

አቶ ረዳ ያጎነበሰችውን ልጅ አዩ፤ የየሻረግን አዲስ ሹሩባ አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ መረቁ። «ትዳሩን ይባርክ» ሲሉ አበራሽ እያለቀሰች «አሜን» አለች። «መንገዱን ያቅና» ሲሉ ጓደኛቸው «አሜን» አሉ። የሻረግ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር።

አቶ ረዳ ሊጨርሱ ሲሉ ወደ እሷ ዞሩ። «ለተከፋም መጽናናትን ይስጥ» አሉ።

«አሜን» አለች የሻረግ፣ ብቻዋን።