በማን ባንዲራ?

«ይቅርታ፣ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ይቺን ነገር ከዚህ ማንሳት ይቻላል?» አለች ጋዜጠኛዋ ቪበከ፣ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ይዛ።

«ይቺ ነገር» የተባለችው የራንቫ አባት ትሮንዱር በመከር አርዶ፣ ጓሮ ባለው የእንጨት ቤት ሰቅሎ፣ የባሕር ነፋስ ሲያደርቃት የከረመች የበግ ሥጋ ናት። ሽታዋ እንግዳን ከበር ላይ ይቀበላል፤ ይህ አይካድም። ግን የመጀመሪያዋ ቁራጭ የምትቀርበው ለክቡር እንግዳ ነው። ትሮንዱርም ከኮፐንሃገን ድረስ ለመጣች የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ከዚህ የበለጠ ክብር አያውቅም።

ጋዜጠኛዋ የመጣችው ለራንቫ ነው። ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ቢሆንም በክላክስቪክ ከተማ በዋና የሚቀድማት የለም። ለወጣቶች ኦሊምፒክ ተመርጣ «እሺ» ብላለች። ችግሩ በዴንማርክ ሥር ያለችው የደሴቶች አገሯ ፋሮ የራሷ ፓርላማ፣ የራሷ ቋንቋና የራሷ ባንዲራ እያላት፣ ኦሊምፒክ ላይ ሲደርስ በዴንማርክ ባንዲራ መሰለፏ ነው። በዚያው ሳምንት ደግሞ ትናንሽ ደሴቶች የሚወዳደሩበት የደሴቶች ጨዋታ አለ። እዚያ ፋሮ በገዛ ባንዲራዋ ትሰለፋለች። ራንቫ ከሌለች ግን የአራቱ ልጃገረዶች የዋና ቅብብል ቡድን አበቃለት።

«ኧረ እኛንም ያቅለሸልሸናል!» አለች ራንቫ እየሳቀች። «የሚበሉት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።»

እንግዳ ምግብህን ሲጸየፍብህ ያስቀይማል። የገዛ ልጅህ ስትጸየፍብህ ግን ምን ይባላል? ትሮንዱር ሳህኑን አንስቶ በጓሮ በር ወጣ።

አጠገቧ የተቀመጠችው፣ ከቅብብሉ አራት ልጆች አንዷ የሆነችው ጓደኛዋ ማርዩን ጠጋ አለቻት። «አንቺ ቀጣፊ! እሑድ ዕለት ለእኔ አጥንቱን ብቻ ያስተረፈችው ማን ነበረች?»

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች።»

«አትሰማም፤ በእኛ ቋንቋ ነው የማወራሽ። ወይስ ቋንቋችንም መግማት ጀመረ?»

ራንቫ ፊቷን ወደ ካሜራው አዞረች።

ቪበከ ካሜራውን አስተካከለች። «በይ ራንቫ፣ ‹ዴንማርካዊት በመሆኔ እኮራለሁ› በይልኝ። ፈገግ እያልሽ።»

ራንቫ አለችው። ሥጋው ያቅለሸልሻል ያለችው ቅጥፈት ነበር፤ አሁን ግን የእውነት አቅለሸለሻት። የተጸየፈችው ዴንማርክን አይደለም። እዚያ አክስት አላት፣ ትወዳታለች። የተጸየፈችው የገዛ ፈገግታዋን ነው።

«ጎበዝ! አንዴ ደግሞ፣ ትንሽ ደስ ብሎሽ።»

«ደስ አላለኝም» አለች ራንቫ፤ ማይክሮፎኑን ከደረቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

አባቷ ጓሮ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ለብቻው ይበላል።

«አባዬ፣ ለምን አልተቆጣኸኝም?»

«በእንግዳ ፊት ልጅ አይቆጡም።»

«ዋሽቼ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።» የጎረሰውን አኝኮ ዋጠ። «ደግሞ በእኔ የተነሳ እንዳትቀሪ። ኦሊምፒክ ቀልድ አይደለም። የማንንም የዋና ኮፍያ አድርጊ፣ የሚዋኘው ያንቺ ክንድ ነው።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ደግነቱ አንገበገባት። ሂጂ ብሏታል፤ አሁን ብትሄድ የሚወቅሳት የለም። ለመሄድ ግን ያን ፈገግታ በየካሜራው ፊት መድገም ሊኖርባት ነው።

ድፍረቷ ሳይከዳት ስልኳን አውጥታ ለዴንማርኩ አሰልጣኝ ደወለች።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«ራንቫ ነኝ። ቦታዬን ለሌላ ልጅ ይስጡልኝ። እኔ የደሴቶቹ ጨዋታ ላይ ነኝ።»

ሰውየው ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማ። «ቆይ... የትኛዋ ራንቫ?»

«የፋሮዋ» አለች።