ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ

«ግቢና ቅመሽ እንጂ፣ ጌጤ!»

«ተይኝ፣ ጾም ላይ ነኝ።»

«በሃምሳው?»

ሶስና ይህን ስትሰማ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ ጌጤ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር ወይስ አጥሩ ሥር፣ አሁን አታስታውስም። የምታስታውሰው የጎረቤታቸው የእትዬ አመተማርያም ሳቅ ገና ሳይጀምር መቋረጡን ብቻ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሶስና ግን ያኔ እናቷ ከሰው ሁሉ የበለጠች ጸሎተኛ መስላት ኮርታ ነበር። ነገሩ የገባት አድጋ፣ እህል በጠፋበት በዚያ ክፉ ዓመት ከእናቷ ፊት ሰሃን ቀርቦ አይታ እንደሆነ ለማስታወስ ስትሞክር ነው።

ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ለተጋራቻት ለሕይወት እንኳ።

አሁን ሁለቱም ዘጠነኛ ክፍል ናቸው። በዚያ ሳምንት ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሙያዎች ደብረ ታቦር ገብተው ነበር። በመላ አገሪቱ ቤት ለቤት የሚጠየቅ መጠይቅ እያዘጋጁ ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚኖር፣ ውሃው ይመጣ እንደሆነ፣ ጤና ጣቢያው ይርቅ እንደሆነ። ጥያቄው ለአገሬው ሰው ጆሮ ይገባ እንደሆነ የሚነግሯቸው ሁለት ተማሪዎች ፈለጉ። የአማርኛ መምህሩ ሕይወትንና ሶስናን ላኩ።

የቡድኑ መሪ ማርያማዊት መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ወጣት ናት። «አንቺ በሉኝ» ብትላቸውም ሁለቱም አንቱ ከማለት አልወጡም። ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ሕይወት ጮክ ብላ አነበበች።

«ባለፉት ሰባት ቀናት በምግብ አቅርቦት ውስንነት ሳቢያ የአመጋገብ ድግግሞሽዎን ቀንሰዋል?»

ሁለቱ ልጆች ተያዩና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ይቺን ለአያቴ ባነብላት ጠበል ትወስደኛለች» አለች ሕይወት። «ለምን ‹ባለፈው ሳምንት ሳትበሉ የዋላችሁበት ቀን አለ?› አንላቸውም?»

ማርያማዊት መነጽሯን አወረደች። «ድገሚልኝ እስቲ!» የድሮውን ሰርዛ የሕይወትን ጻፈች፤ ከጎኑም በእርሳስ «ሕይወት» ብላ ስሟን አኖረች። «ነገ ቤት ለቤት ስንሞክረው አንቺ ነሽ የምታነቢው። ሶስና መልስ ትመዘግባለች።»

የሶስና ጆሮ ጋለ። የሕይወትን ድርሰት ስንት ዓመት ያረመችው ማን ሆነና ነው! ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ፤ ሁዳዴ ነው እኮ። ልትናገር አፏን ከፈተች። በእርሳስ የተጻፈውን ስም አየችና መልሳ ገጠመችው።

በማግስቱ ከከተማው ዳር ባለ ሰፈር አባ ይሻው የሚባሉ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ተቀበሏቸው። ሕይወት ጉሮሮዋን ጠራርጋ አነበበች።

«ሳንበላ የዋልንበት?» አሉ አባ ይሻው። «አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ሁዳዴ መግባቱን አልነገረችሽም? እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የሚቀምስ ማን ነው? ሰባቱንም ቀን ጻፊው! አታሳንሺብኝ ደግሞ!»

ሁለተኛው ቤት ሰባት። ሦስተኛውም ሰባት። ማርያማዊት «ቸግሯችሁ» የምትል ቃል አስጨመረች። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ «ኧረ እግዜር ይመስገን፣ ምን አጥተን!» ሆነ፤ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ጣራው የተቀደደበት ቤት እንኳ ባዶ።

ሶስና እያንዳንዷን ባዶ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ አስውባ ጻፈቻት። ደስ ብሏት ነበር፤ መደበቅ እስኪያቅታት ድረስ።

«አቦ፣ ሼም ነው» አለች ሕይወት በመንገድ ላይ። ዓይኗ ቀልቷል። «አንቺ ሁልጊዜ ስህተቴን ቀድመሽ ታዪልኝ ነበር። ዛሬ ምነው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ማርያማዊት ቆም ብላ ወረቀቱን አገላበጠች። «ወይ ሁሉም ‹አለ› ይላሉ፣ ወይ ማንም አይልም። ይህ ጥያቄ አልሆነም፤ ይውጣ ብዬ እጽፋለሁ።»

«ከዚህ ብቻ ነው የሚወጣው?» አለች ሶስና።

«ከአገሩ ሁሉ። መጠይቁ አንድ ነው።» ብዕሯን ከፈተች። «ካልተጠየቀ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል።»

የሶስና ደስታ እዚያው አለቀ። እንደሌለ። እናቷ በሃምሳው ደጃፍ ላይ ቆማ፣ እንደሌለች።

«ቆይ፣ አይሰርዙት» አለች። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እንዲህ ቢባልስ... ‹ሌላው እንዲበላ ብላችሁ፣ ሳትጾሙ ጾም ላይ ነኝ ያላችሁበት ቀን አለ?›»

ማርያማዊት ብዕሯን ከደነች። «ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከቤት።»

ሕይወት ዞር ብላ አየቻት። ማርያማዊት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ነገ ከመሄዳችን በፊት እውነቱን የሚነግረን አንድ ሰው ላይ ልሞክረው እፈልጋለሁ። እናትሽ ፈቃደኛ ከሆኑ ብቻ።»

ሶስና ቤት ስትደርስ እናቷ ጌጤ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። እርጥብ አንሶላ በመካከላቸው ተንጠልጥሏል። በእሱ ተከልላ ሁሉንም ተናገረች። ከአንሶላው ወዲያ ያለው እጅ ቆመ።

«ሰምተሽ ኖሯል?» አለች እናቷ። «በጾም ስም መዋሸቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖናዬን ጨርሻለሁ። አሁን ደግሞ ለመንግሥት ልናዘዝ?»

«ስምሽ አይጻፍም፣ እማ። ቤቱ በቁጥር ብቻ ነው።»

«እንደኔ ያለ ሌላም ሰው አለ ብለሽ ነው?»

«አለ። ዛሬ ቤታቸው ገብተናል።»

አንሶላውን ነፋስ ነካ አደረገው። «ማን ነው የሚጠይቀኝ?»

«እኔ።»

«እሱ አይሆንም። አንቺ ከጠየቅሽኝ እዋሻለሁ፤ ለምጄዋለሁ። ያቺ ሕይወት ትምጣና ትጠይቀኝ። አነጋገሯ ደስ ይለኛል። ለእሷ እመልሳለሁ።»

እዚህም ሕይወት! የሶስና ጆሮ እንደገና ጋለ። የቀረውን ልብስ፣ የመጨረሻው እስኪሰጣ ድረስ፣ እያነሳች ለእናቷ አቀበለች። ከዚያ «እሺ፣ እጠራታለሁ» ብላ ወጣች።

ሕይወት የቤታቸውን የቆርቆሮ በር ገርበብ አድርጋ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትከፍተው ቆመች።

«ትናንት አውቄ ነበር» አለች ሶስና። «ሁዳዴ መሆኑን። አውቄ ነው ዝም ያልኩሽ።»

«ነቅቼብሻለሁ። ባዶዎቹን ስታስውቢያቸው አየሁሽ።» ሕይወት እጇን ከበሩ አላነሳችም። «ታዲያ አሁን ምን ልትዪኝ መጣሽ?»

«ነገ እኛ ቤት አንቺ እንድትጠይቂልኝ። እናቴን።»

በመንገዱ አንድ ባጃጅ አቧራ እያስነሳ አለፈ። ሕይወት በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ግቢ። መጀመሪያ ጥያቄውን አንቺ በይልኝ» አለች። «ቀስ ብለሽ፤ እንዳልስት።»