ከካርታው የጎደለው ጉድጓድ

አባቷ ከመንደሩ ድልድይ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። «ጋሽ ካርታ» ነበር የሚባሉት፤ ከተማው መጥቶ መንደሩን ሳይውጠው በፊት የነበረውን ወሰን ሁሉ በቃላቸው ያውቁ ነበርና። መምህርት ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ስታለቅስ መርማሪው ጎንበስ ብሎ ጥፍራቸውን ያይ ነበር።

«እዚህ አፈሩ ቀይ ነው። ጥፍራቸው ውስጥ ያለው ግን ነጭ ነው፤ ኖራ» አለ።

ሰው ሁሉ ዞሮ ግንበኛውን አየ። ከሟቹ ጋር በወሰን ሲነታረክ የኖረ ጎረቤት ነው፤ ግቢውም ኖራ ተቆልሎበታል።

«ዕዳ ከሜዳ!» አለ ግንበኛው ላብ እያጠመቀው። «ተጣልተናል፣ አልክድም። ግን እኮ ጠዋት ሰድበውኝ ማታ ‹ምነው ጠፋህ?› የሚሉ ሰው ናቸው።»

መርማሪው ወደ መምህርቷ ዞረ። «እህቴ፣ የመንደሩን ታሪክ የጻፍሽ፣ ካርታውንም የሣልሽ አንቺ ነሽ አሉ። ድሮ እዚህ ምን ነበር?»

መምህርቷ ገና ኖራ ሲባል ነገሩ ገብቷት ነበር።

«የአትክልት ቦታ» አለች። ፊቷ ጋለ።

«እህቴ የተማረች ናት፤ የጻፈችው ልክ ነው» አለ ደላላው ታላቅ ወንድሟ፣ ፈጠን ብሎ።

ካርታውን ጨርሳ ለአባቷ ያሳየችበት ቀን ትዝ አላት። ብዙ አይተው «ልጄ፣ አያትሽን የት አደረግሻቸው?» ብለዋት ነበር። «ሰው ይስቅብናል አባዬ» አለቻቸው። እሳቸውም ካርታውን ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

አመሻሽ ላይ መርማሪው ሁሉንም እዚያው ሳሎን ሰበሰባቸው። ግንበኛው በሁለት ፖሊሶች መሃል ተቀምጧል።

«የግንበኛው ኖራ ንጹሕ ነው» ብሎ ጀመረ መርማሪው። «ከሟቹ ጥፍር የወጣው ግን የከብት ጸጉር አለበት። አትክልት ደግሞ ጸጉር አያበቅልም! ኖራና የከብት ጸጉር የሚገናኙት ቆዳ ተዘፍዝፎ ጸጉሩ በሚለቅበት ጉድጓድ ነው። ይህ የቆዳ ፋቂዎች መንደር ነበር። ሁላችሁም እያወቃችሁ ደበቃችሁኝ።»

ማንም ቀና አላለም።

«የሟቹ ጫማ ላይ ቀይ አፈር የለም፤ ስለዚህ ድልድዩ ድረስ በእግራቸው አልሄዱም። ከጉድጓዱ አውጥቶ የወሰዳቸው ሰው አለ። አንድ ግቢ ውስጥ የሎሚ ችግኝ ሁሉ ኖራ አቃጥሎት ደርቆ፣ አጠገቡ ትናንት የፈሰሰ ጠጠር አይቻለሁ። ጉድጓዱ ያ ነው እንዳልል ካርታው ላይ የለም።»

ወንድሟ በዓይኑ «ዋ!» አላት።

«የኔ እህት፣ ልጆቼን አስተምረሻል» አለ ግንበኛው ቀስ ብሎ።

ተነሥታ ካርታው ላይ ጣቷን አኖረች። «እዚህ ነው። ወንድሜ ግቢ። ቆዳ የሚፍቁበት... የአያቴ ጉድጓድ ነው።»

«ቦታውን ላይገዙብኝ ነዋ!» ብሎ ጮኸ ደላላው። «አባዬ ‹ጉድጓዱ ላይ የሚሠሩት ቤት ሰው ላይ ይናዳል፣ ለገዢዎቹ ልንገራቸው› አለ። ገፋ ነው ያደረግኩት፤ መሬቱ ከዳው።»

«መሬቱስ ይሁን» አለ መርማሪው። «ግን የሞተ ሰው አይቧጥጥም። ጥፍራቸው በኖራ የሞላው ለመውጣት ሲታገሉ ነው። አንተ ከላይ ቆመህ ትሰማ ነበር።»

ደላላው ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ግንበኛው ተለቀቀ። ሲወጣ በአጠገቧ አለፈ፤ ቆም አለና «እግዜር ያጥናሽ» አላት።

ቢሰድባት ይሻላት ነበር።